የሞተራችሁን ማርሚታ ከመፈግፈጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሮቤም ሆነ ጎባ፣ ዝናብ ባቆመ ማግስት ሞተሩን የሚያጥብ ልጅ አይጠፋም። ሰልቫትዮው ያበራል፣ ጎማው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ግን እንደዛገ ይቀራል። ያኔ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይመጣል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የሚያብረቀርቀው ክሮም በብረቱ ላይ የተለበጠ ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን በታች ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን እንደሚሆን አስቡት። በሻካራ ሽቦ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጉት ዛሬ ያምራል፤ ሽፋኑ ከተነሳ ግን ዝገቱ በሳምንታት ውስጥ ብሶ ይመለሳል። ያኔ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም።

እኛ ጋ ለምን ቶሎ ይዝጋል?

አንደኛው ጭቃው ነው። የሲናና መረሬ አፈር እንዴት እንደሚጣበቅ ለእናንተ አይነገርም። ማርሚታው ላይ ደርቆ ሲቀር እርጥበት ይዞ ይቆያል። ባሌ ደግሞ ጋና እና ቦና የሚባሉ ሁለት የዝናብ ወቅቶች ስላሉት ጭቃው ፋታ አይሰጥም።

ሁለተኛው ከውስጥ ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በብርዱ ጠዋት ሞተር አስነስታችሁ ሁለት ሰፈር ተሻግራችሁ ብታጠፉት፣ ማርሚታው በደንብ ሳይሞቅ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ውስጡ ይቀራል። ከሮቤ ጎባ ደርሶ የሚመለስ ሞተር ይሻለዋል፤ ሙቀቱ ውኃውን ያወጣዋል። በነገራችን ላይ፣ ብዙ ማርሚታ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ያበጀው የውኃ ማፍሰሻ ነው፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታስበይዱት።

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ

ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ አይወለወልም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንስታችሁ ሙቀት የሚችል ቀለም ነው የሚቀባው፤ ተራ ቀለም ይቃጠላል። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ማግኔት አስጠጉ። ካልያዘው ስቴይንለስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከያዘው ግን ክሮም ነው ብላችሁ በጥንቃቄ ያዙት።

አሠራሩ

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የጋለ ማርሚታ ቆዳ ይልጣል፤ ውኃ ከደፋችሁበት ደግሞ እንፋሎቱ ያቃጥላል።

2. በላርጎና በለስላሳ ጨርቅ ጭቃውን እጠቡ። አሸዋ ሳይለቅ መፈግፈግ ክሮሙን ያጭረዋል። ውኃ በጫፉ እንዳይገባ በጨርቅ ድፈኑት፣ በኋላ ማውጣቱን ግን አትርሱ።

3. የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድዳችሁ ውኃ ወይም ትንሽ አቼቶ ነክራችሁ ዝገቱን ቀስ ብላችሁ እሹ። አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ሽፋኑን በቀላሉ አይጭርም።

4. አቼቶው ላዩ ላይ አይደር። ወዲያው በብዙ ውኃ አለቅልቃችሁ አድርቁት።

5. በብረት ፖሊሽና በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉ። የተረፈውን ፖሊሽ በደንብ ጥረጉ፤ አለበለዚያ ሲሞቅ ተቃጥሎ ምልክት ይተዋል።

6. ደጅ ላይ አስነስታችሁ ጥቂት ደቂቃ አሙቁት፣ ውስጡም ይድረቅ።

ፌስታል ቀልጦ ከተጣበቀ በቢላዋ አትቧጩት። ሞተሩን ለብ አድርጋችሁ አጥፉና በእንጨት ፋቁት።

እነዚህን በፍጹም

በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር አትቀላቅሉ። ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ለብቻውም ቢሆን በረኪና ብረትን ያዝጋል እንጂ አያጸዳም።

ብርድ ነው ብላችሁ ሞተር ቤት ውስጥ ወይም በር ዘግታችሁ አታስነሱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ፖሊሽ የማይፈታው

ክሮሙ ወደ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ከተቀየረ ያ ቆሻሻ አይደለም፣ የሙቀት ምልክት ነው። ፖሊሽ ቢያደበዝዘውም ይመለሳል።

ጫፉ ላይ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለ ነዳጁ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስትወጡ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በቆላ ልኬት ከተስተካከለ እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፣ መካኒክ ያስተካክለው። ጥላሸቱ ዘይት ያዘለ፣ ጭሱም ሰማያዊ ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። እሱን መወልወል ገንዘብ ማባከን ነው።

ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ደግሞ ማርሚታው ስላበራ ብቻ አትሸወዱ። ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩ፣ በጣታችሁ አንኳኩ። ውስጡ የተበላ ብረት ድምፁ የታፈነ ነው፣ ሲጫኑትም ይሰረጉዳል። ላዩን ማሳመር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከውስጥ የበላውን ዝገት ግን በፖሊሽ መመለስ አይቻልም።