ሎንግ ተርም ካፒታል፦ በብድር ያደገው የሔጅ ፈንድ ኩባንያ

ሔጅ ፈንድ ከጥቂት ባለጸጎችና ተቋማት የተሰበሰበን ገንዘብ በአክሲዮን፣ በቦንድና በውጭ ምንዛሪ ገበያ ላይ በማዋል የሚያተርፍ የግል የኢንቨስትመንት ተቋም ነው። የተራውን ሕዝብ ቁጠባ ስለማይሰበስብ እንደ ባንክ ጥብቅ ቁጥጥር አያስፈልገውም የሚለው አስተሳሰብ በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። ይህ አስተሳሰብ ክፉኛ ከተፈተነባቸው አጋጣሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ በ1998 የደረሰው የሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት ውድቀት ነው።

በኮነቲከት ግዛት ግሪኒች ከተማ የተቋቋመው ኩባንያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1994 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካፒታል ይዞ ነበር። መሥራቹ ጆን ሜሪዌዘር ቀደም ሲል በሰሎሞን ብራዘርስ የቦንድ ንግድን የመሩ ሲሆን፣ ከአጋሮቻቸው መካከል እ.ኤ.አ በ1997 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ማይረን ሾልስና ሮበርት መርተን ይገኙበታል። ገንዘብ አስቀማጮች ቢያንስ 10 ሚሊዮን ዶላር ማስገባትና ለሦስት ዓመታት አለማውጣት ይጠበቅባቸው ነበር።

የኩባንያው ስልት በዋጋ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነበር። ለአብነት የአሜሪካ ግምጃ ቤት አዲስ የሚያወጣው የ30 ዓመት ቦንድ ገዢ ስለሚበዛበት ከወራት በፊት ከወጣው ተመሳሳይ ቦንድ በመጠኑ ይወደዳል። ኩባንያው ርካሹን ይገዛል፤ ውዱን ደግሞ ተውሶ ይሸጣል። ሁለቱ ዋጋዎች ሲቀራረቡ ልዩነቱ ትርፍ ይሆናል። ገበያው በአጠቃላይ ቢወጣም ቢወርድም ለውጥ አያመጣም ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ይሁንና ከእያንዳንዱ ግብይት የሚገኘው ትርፍ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ ገቢው እንዲጎላ ከባንኮች በብዛት መበደር የግድ ነበር። ስልቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ በ1995 እና በ1996 የተገኘው ትርፍ ክፍያዎች ተቀንሰው እንኳ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ በ1997 መጨረሻ ኩባንያው 2 ነጥብ 7 ቢሊዮን ዶላር ለባለሀብቶቹ ሲመልስ ግን ብድሩን በዚያው መጠን አልቀነሰም። በ1998 መባቻ 4 ነጥብ 7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካፒታል ይዞ ከ120 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የ100 ብር ንብረት የያዘ ሰው 4 ብሩ ብቻ የራሱ፣ 96ቱ የብድር ከሆነ፣ የንብረቱ ዋጋ በ4 በመቶ ሲቀንስ የራሱ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ያልቃል።

ሩሲያ እ.ኤ.አ ኦገስት 17 ቀን 1998 የሩብልን ምንዛሪ ዝቅ አድርጋ የመንግሥት ዕዳዋን ክፍያ ስታቆም፣ በየአገሩ ያሉ ባለሀብቶች አስተማማኝና በቀላሉ የሚሸጡ ሰነዶችን ብቻ መሻማት ጀመሩ። በዚህም ይጠባሉ የተባሉት የዋጋ ልዩነቶች በሁሉም ገበያ በአንድ ጊዜ ሰፉ። የኩባንያው የሒሳብ ቀመር ኪሳራዎች እንዲህ ተያይዘው ይመጣሉ ብሎ አልገመተም። ኦገስት 21 ቀን ብቻ ወደ 550 ሚሊዮን ዶላር ታጣ።

የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የኩባንያው ንብረት በጥድፊያ ቢሸጥ አበዳሪዎችም አብረው ይጎዳሉ በሚል ሥጋት ትላልቅ የፋይናንስ ተቋማትን ሰበሰበ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 14 ተቋማት 3 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በማዋጣት 90 በመቶ ድርሻውን ለመያዝ ተስማሙ። የመንግሥት ገንዘብ አልተከፈለም፤ ሆኖም ማዕከላዊ ባንክ ለግል ኩባንያ ሸምጋይ መሆኑ በምክር ቤት ጭምር አከራክሯል። በአሜሪካ ትላልቅ የሔጅ ፈንድ አማካሪዎች እንዲመዘገቡ በሕግ የተደነገገው ከ12 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ በ2010 ነው።

ሎንግ ተርም ካፒታል እ.ኤ.አ በ2000 ሒሳቡ ተጣርቶ ተዘጋ። ሜሪዌዘር በተመሳሳይ ስልት፣ በአነስተኛ ብድር ያቋቋሙት ሌላ ኩባንያም ከፋይናንስ ቀውሱ በኋላ እ.ኤ.አ በ2009 ሥራውን ለማቆም ተገዷል።