ሴል ውስጥ የሚሽከረከረው ተርባይን

ጠዋት የበላችሁት ፍርፍር እግራችሁን በቀጥታ አያንቀሳቅስም። የታክሲ ረዳት ለአጭር መንገድ ሁለት መቶ ብር ብትሰጡት “ዝርዝር የለም?” ይላችኋል አይደል? ለሴልም ስብና ስኳር ድፍን ብር ናቸው። ዝርዝሩ ኤቲፒ ይባላል።

ኤቲፒ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ፎስፌቶች ተደርድረዋል። የመጨረሻው ፎስፌት ሲላቀቅ ኤዲፒ ይቀራል፣ ጉልበትም ይገኛል። ብዙ ጊዜ “ጉልበቱ ቦንዱ ውስጥ ታሽጎ ነበር” ይባላል። እኔ ይህን አገላለጽ አልወደውም፤ ማንኛውንም ቦንድ መስበር ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። ትርፉ የሚመጣው ከተላቀቁ በኋላ የሚገኙት ነገሮች ይበልጥ የተረጋጉ ስለሆኑ፣ ሴሉም ኤቲፒውን ከኤዲፒ እጅግ አብዝቶ ስለሚይዝ ነው። ሥራው ደግሞ የሚሠራው ፎስፌቱ ሲላቀቅ ወይም ወደ ሌላ ፕሮቲን ሲዛወር የፕሮቲኑ ቅርጽ ስለሚለወጥ ነው። ጡንቻ የሚሸበሸበው እንዲህ ነው።

በአንድ ቅጽበት ሰውነታችን ውስጥ ያለው ኤቲፒ ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። በቀን የምንጠቀመው ግን ከራሳችን ክብደት ጋር ይቀራረባል! ስለዚህ ያው ሞለኪውል በቀን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እንደገና ይሞላል ማለት ነው።

የሚሞላውስ የት ነው? በብዛት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ። እዚያ ከምግብ የተገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋን ወዲያ ማዶ ይገፋል፣ ልክ ግድብ ውስጥ ውሃ እንደማጠራቀም። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ይህን በ1961 (እ.ኤ.አ.) ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በ1978 ግን ኖቤል ተሸለመበት። በሽፋኑ ግራና ቀኝ ያለው ልዩነት 0.15 ቮልት ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ሽፋኑ ግን 5 ናኖሜትር ያህል ብቻ ስለሚወፍር፣ ስታካፍሉት በሜትር 30 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። አየር እኮ በዚህ አንድ አሥረኛ ብልጭታ ይፈጥራል።

ፕሮቶኖቹ የሚመለሱት ኤቲፒ ሲንቴዝ በተባለ ኢንዛይም በኩል ነው። ሲያልፉ ዘንጉን ያዞሩታል፤ አንድ ሙሉ ዙር ሦስት ኤቲፒ ይሠራል። “ይዞራል” ስል ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም። በ1997 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ዘንጉ ላይ የሚያበራ ክር አጣብቀው፣ ኤቲፒ እየሰጡት ማሽኑን በተቃራኒው ሲያሠሩት፣ ክሩ ሲሽከረከር በማይክሮስኮፕ አይተዋል።

ግድቡ ቢሸነቆርስ? ዲኤንፒ የሚባል ኬሚካል ፕሮቶኖችን ይዞ ተርባይኑን ሳይነካ ሽፋኑን ያቋርጣል። ሴሉ ኤቲፒ ሲያጥረው ነዳጁን አብዝቶ ያቃጥላል፣ ጉልበቱም በቃ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ማክሲያ ተብሎ ተሸጦ ነበር። ሰዎች በእርግጥ ከሱ፤ አንዳንዶቹ ግን የዓይን ሞራ ያዛቸው፣ ሰውነታቸው ከውስጥ ግሎ የሞቱም ነበሩ። በ1938 ለሰው እንዳይሰጥ ታገደ። ዛሬም ግን በኢንተርኔት “ስብ አቃጣይ” እየተባለ ለወጣቶች ይሸጣል፤ ማርከሻም የለውም።