የፎሰን የነፋስ ኃይል ጉዳይ

የፎሰን ጉዳይ በኖርዌይ በሳሚ ሕዝብ የግጦሽ መሬት ላይ በተተከሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምክንያት የተነሳ የሕግ ክርክር ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 11 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. (ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም.) የግንባታ ፈቃዱ የሳሚዎችን መብት ስለሚጥስ ዋጋ የለውም ሲል ወሰነ። ማመንጫዎቹ ግን አስቀድመው ተተክለው ሥራ ጀምረው ስለነበር አልተነሡም። ጉዳዩ አየር የማይበክል ቴክኖሎጂም ቢሆን የነባር ሕዝቦችን መሬት ሳያከብር ሲተከል ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት ይጠቀሳል።

መሬቱና እርባታው

ሳሚዎች በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩስያ ሰሜናዊ ክፍሎች የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ፎሰን በማዕከላዊ ኖርዌይ የሚገኝ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በዚያ የሚኖሩ ደቡብ ሳሚዎች ሬንዲር የተባለውን የቀዝቃዛ አገር አጋዘን በሁለት ቡድን ተከፍለው ያረባሉ።

ለእርባታው አስቸጋሪው ጊዜ የበረዶ ወራት ነው። ሬንዲሮች በረዶውን በኮቴያቸው እየጫሩ ከሥሩ ያለውን ላይከን ይበላሉ፤ ላይከን በቋጥኝና በመሬት ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሽበት መሰል ነገር ነው። በረዶው ሲወፍር ወይም ሲጠጥር ግን ምግቡ ላይ መድረስ አይችሉም። ስለዚህ ነፋስ በረዶውን እየጠረገ የሚያሳሳባቸው ከፍታዎች መንጋውን ከረሃብ ያተርፋሉ። ለኃይል ማመንጫ የተመረጡትም እነዚሁ ነፋሻ ከፍታዎች ናቸው።

ግንባታው

ፈቃዱ በ2010 እ.ኤ.አ. ተሰጠ፤ ይግባኝ ቢቀርብበትም ሚኒስቴሩ በ2013 እ.ኤ.አ. አጸደቀው። በስቶርሄያ 80፣ በሮአን 71፣ በድምሩ 151 ተርባይኖች ተተከሉ። እያንዳንዱ 3.6 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዲሴምበር 2018 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ አስወጋጅ ኮሚቴ የስቶርሄያ ግንባታ እንዲቆም ኖርዌይን ጠየቀ፤ ግንባታው ግን ቀጠለ። ሮአን በ2019፣ ስቶርሄያ በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ።

የፍርድ ቤት ውሳኔ

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት የደረሰው በካሳ ትመና መልክ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሬንዲሮቹ ከተርባይኖቹ ስለሚሸሹ ግጦሹ እንደጠፋ ይቆጠራል አለ። ሆኖም መንጋው በበረዶ ወራት በበረት ሆኖ መኖ ሊቀርብለት ይችላል በማለት ለዚሁ ወደ 90 ሚሊዮን ክሮነር የሚጠጋ ካሳ ወሰነ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም። 11 ዳኞች በሙሉ ድምፅ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 27 እንደተጣሰ ወሰኑ። አንቀጹ የአናሳ ሕዝቦችን በባህላቸው የመኖር መብት ይጠብቃል፤ ኢትዮጵያም ቃል ኪዳኑን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላለች። ዳኞቹ እንዳሉት የበረት ቀለብ ከባህላዊው እርባታ እጅግ የራቀ በመሆኑ የመብት ጥሰቱን አያስቀርም። ወደ ታዳሽ ኃይል መሸጋገር ጠቃሚ ቢሆንም፣ ሳሚዎችን እምብዛም የማይጎዳ ሌላ ቦታ መምረጥ ይቻል ነበር። ስለ ተርባይኖቹ ዕጣ ግን ውሳኔው የሚለው ነገር አልነበረም።

ተቃውሞና ስምምነት

መንግሥት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል በማለቱ ጉዳዩ ሳይፈጸም ቆየ። ከውሳኔው 500 ቀናት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. (የካቲት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.)፣ ወጣት ሳሚዎች በኦስሎ የነዳጅና ኢነርጂ ሚኒስቴርን ሕንፃ ገብተው ተቀመጡ። የስዊድን የአየር ንብረት ተሟጋች ግሬታ ቱንበርግም ተቃውሞውን ተቀላቀለች። ከሳምንት በኋላ ሚኒስትሩ ቴርዬ ኦስላንድ ይቅርታ ጠየቁ።

ከደቡብ ፎሰን አርቢዎች ጋር በዲሴምበር 2023፣ ከሰሜን ፎሰኖቹ ጋር በማርች 2024 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተደረሰ። በደቡቡ ስምምነት አርቢዎቹ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ክሮነርና ተጨማሪ የበረዶ ወራት ግጦሽ እንዲያገኙ ተወሰነ። የማመንጫው የፈቃድ ዘመን ሲያበቃ እንዳይታደስ የመከልከል መብትም ተሰጣቸው።

ለቴክኖሎጂ ሥራ ያለው ትርጉም

ኖርዌይ የነባር ሕዝቦችን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 169 ከሁሉም አገር ቀድማ በ1990 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ስምምነቱ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት ነባር ሕዝቦችን ማማከርን ይጠይቃል። የፎሰን ጉዳይ ሕጉ ቢኖርም የጊዜው ቅደም ተከተል ወሳኝ መሆኑን ያሳያል። ቦታ ሲመረጥ የመሬቱ ተጠቃሚዎች እምቢታ ክብደት ካልተሰጠው፣ በኋላ በፍርድ ቤት ቢረቱ እንኳ የሚያገኙት ካሳና ምትክ መሬት እንጂ የቀድሞ ግጦሻቸው አይደለም።