የወረዳ ምክር ቤት የካርቦን ጢስን ቈጥሮ ስለሚቀንስበት መንገድ



ዝናም ከወራቱ ሲዛነፍና ምንጭ ሲደርቅ ገበሬው ከሁላችን ቀድሞ ያውቀዋል። አየሩን የሚያሞቀውን ጢስ እንቀንሳለን የሚል ሹም ግን አስቀድሞ ጢሱ ከየት እንደሚወጣ ሊያውቅ ይገባዋል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።

የቈጠራው ሥራ ረቂቅ አይደለም። መዝገብ ተከፍቶ በዓመቱ የተቃጠለው ነዳጅ፥ በወረዳው ያለው ከብት፥ የነደደው እንጨትና የተመነጠረው ደን በየክፍሉ ይጻፋል፤ ከዚያም እያንዳንዱ በታወቀው ልክ ይባዛል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፥ በዓመት 3,000 ሊትር የሚፈጅ የመሥሪያ ቤት መኪና 8 ቶን ያህል ያወጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዓይናችን በመኪናው ላይ ብቻ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያሻል። ከብት ሲያመነዥክ ሚቴን የተባለ ጋዝ ከአፉ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ መመሪያ፥ በአፍሪካ ከታለቢ ላም በቀር ላለ አንድ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ይገምታል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ስለሚያሞቅ፥ የአንዱ በሬ ድርሻ 868 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ ዐሥር በሬዎች ከመኪናው ይበልጣሉ። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልትም ከአገሪቱ ልቀት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻና ከደን መምጣቱ ተገልጿል።

ይህ ሲባል ገበሬው የሚያርስበትን በሬ ይሽጥ ማለት አይደለም። መኖው ቢሻሻል፥ ከብቱም በጊዜው ቢከተብ፥ ጥቂት ላሞች የብዙዎቹን ወተት ይሰጣሉ። እንደዚሁም ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚፈጀውን እንጨት ከሦስት ጉልቻ ይልቅ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ይህንንም ጥቂት ቤቶች መርጦ እንጨቱን በፊትና በኋላ በሚዛን በመመዘን ማረጋገጥ ይቻላል።

ስለ ደን በወላይታ የሁምቦ ሥራ ምስክር ነው። በዚያ ሰባት የገበሬ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ከልለው፥ ከመሬት በታች ያልሞተው የዛፍ ሥር እንደ ገና እንዲያቈጠቍጥ አደረጉ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ገባ፤ ዛፎቹ ከሳቡት ካርቦን ከፊሉን የዓለም ባንክ ፈንድ ገዝቶ ገንዘቡ ለማኅበራቱ ደረሰ። ይህም የሆነው ሥራው የተለካ ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ምክር ቤቱ በየዓመቱ በአንድ ወር፥ በአንድ ዓይነት ልክ ይቍጠር፤ የተተከለውን ችግኝ ሳይሆን የጸደቀውን ይጻፍ፤ መዝገቡንም በሕዝብ ፊት ያንብብ። ለማሳመር የተጻፈ ቍጥር ሹሙን ለጊዜው ያስመሰግነው ይሆናል፤ ዝናሙን ግን አይመልስም።