ፒችትሪን ሳያባርሩ ሊኑክስን ማስገባት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢፈቅድም ነገሩን ከማዘግየት አያልፍም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የወጡ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችንም ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚማር የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም በአንዲት ዴስክቶፕ የሚሠራ የመካነ ብርሃን ጽሕፈት ቤት ደህና የሚሠራ ማሽን በእጁ እያለ ጥበቃ የለሽ ይሆንበታል። ለዚህ የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ አዲስ ግዛ ይላል፣ ሌላው ዊንዶውስን ጥለህ ወደ ሊኑክስ ግባ። የመጀመሪያው ኪስን፣ ሁለተኛው ሥራን ረስቷል። ሁለቱን ሥርዓተ ክወናዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን መጫን፣ በተለምዶ ዱዋል ቡት የሚባለው፣ ለእንዲህ ያለው ተጠቃሚ ከሁለቱም ምክሮች ይሻለዋል።

ሊኑክስ እንግዳ ነገር አይደለም። የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሥራ ነው፤ ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ እምብርቱ እሱው ነው። ለኮምፒውተር ከተዘጋጁት ዓይነቶቹ አንዱ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያስጀመረው ኡቡንቱ፣ በነጻ ይወርዳል፣ በነጻም ይታደሳል። የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ወደ ዩኒኮድ ስለገባም አማርኛ መጻፍ ችግሩ አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው የሒሳብ መዝገብ መያዣ ፕሮግራሙን ፒችትሪን የሚከፍተው በዊንዶውስ ነው። ለዓመታት የተከማቹት ደብዳቤዎች በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ከሆኑም ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይወጣሉ። እንዲህ ያለውን ቢሮ ዊንዶውስን ተው ማለት መዝገቡን ተው ማለት ነው።

ታዲያ ዊንዶውስ ብቻውን ለምን አይበቃም? ጥበቃው የቆመ ዊንዶውስ በጣም የሚጎዳው ኢንተርኔት ሲገባና የሰው ፍላሽ ሲሰካበት ስለሆነ ነው። ፎቶኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። ያው ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ ዊንዶውስ ላይ ጠፉ የተባሉት ፎልደሮች እንዳሉ ይታያሉ፤ ሾርትከቶቹም ምንም ጉዳት ሳያደርሱ ይሰረዛሉ። ስለዚህ ድርሻው ይከፈላል። ኢንተርኔት፣ ፍላሽና የዕለት ጽሑፍ ለሊኑክስ፤ ፒችትሪና የቆየው ሰነድ ከኢንተርኔት ለተነጠለው ዊንዶውስ። ለተመራማሪ ደግሞ ሌላ ትርፍ አለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብ ጤና የሚከታተልበት ማዕከል አለው፤ እንዲህ ያለ መረጃ የሚተነትን ሰው አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክን ካርታ የሚሠራም ኪውጂአይኤስን ሊኑክስ ላይ ያለ ክፍያና ያለ ክራክ ያገኛል።

አሠራሩ ከሚፈራው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ ነው። እሱም ከዲስኩ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል ፈልጎ ቀጥሎ ማን እንደሚነሣ ያነባል። ሊኑክስ ሲጫን እዚያው ክፍል ውስጥ ግራብ የሚባል አስነሺ ያስቀምጣል፤ ግራብም በጥቁር ገጽ ላይ የሁለቱን ስም ደርድሮ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሆነ ራሙን አይሻሙም፤ የሚካፈሉት ዲስኩን ነው። ለኡቡንቱ የሚመከረው ትንሹ ቦታ 25 ጊጋባይት ነው፤ ባለ 256 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ሰው 50 ቢሰጠው አይቆጨውም። ቦታው የሚቀነሰው ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ፣ በራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ነው። ዊንዶውስ ይቀድማል፣ ሊኑክስ ይከተላል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዊንዶውስ ራሱን ፊት ያስቀምጥና ግራብ ይሰወራል።

እኛ ዘንድ ትልቁ አደጋ መብራት ነው። ዲስኩ እየተከፈለ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይል ሊበላሽ ይችላልና ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ፣ ላፕቶፕም ባትሪው ሳይሞላ መጀመር የለበትም። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የበራበት ማሽን ደግሞ የአነሣሥ ለውጥ ሲያይ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው የዊንዶውስ ፈጣን አነሣሥም ይጥፋ፤ አለዚያ ዊንዶውስ በደንብ ስለማይዘጋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ግን በሰዓቱ ነው። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፣ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሊኑክስን ዘግቶ ዊንዶውስ የከፈተ ሰው ገና 1 ሰዓት ሆኖ ያገኘዋል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሊኑክስ በአገር ሰዓት እንዲሠራ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል።

አንዳንዶች አንዱን ሥርዓት በሌላው ውስጥ የሚያስነሣው ቨርቹዋል ማሽን ለምን አይሆንም ይላሉ። 16 ጊጋባይት ራም ላለው ይሁን፤ በ4 ጊጋባይት ላይ ግን አንዱ ሥርዓት ሌላውን ያፍነዋል። ዊንዶውስ በክራክ በነጻ እያለ የሚሉም አሉ፤ ክራኩ ግን ማንም ያሻውን ከቶበት የሚያሰራጨው ፋይል ነው፣ የተቋረጠውን ማሻሻያም አይመልስም። ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ የጠጋኙ ነው። ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፍል ማንበብ ስለማይችል ባለሙያው ባዶ መስሎት ሊደመስሰው ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ መከላከያውም ሰነድን በሌላ ዲስክ ቀድቶ መያዝና ጥገና ቤት ሲሄዱ አስቀድሞ መናገር እንጂ ሊኑክስን መተው አይደለም።

ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ፒችትሪ ብቻ የሆነና ኢንተርኔት የማይነካ ሰው በዚህ አይድከም። የሌሎች ሰዎች ፍላሽ የሚገባበት ኮምፒውተር ያለው ግን በመጀመሪያ ሰነዱን ይቅዳ፣ ከዚያ ሊኑክሱን ሳይጭን ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ይሞክር። ይህ ሙከራ ዲስኩን አይነካም።