ገበያው ነጩን ያስወድዳል፣ ጤና ቀለሙን ይሻል

በእህል ነጋዴው ቋንቋ ነጭ ማለት ውድ ማለት ነው። ማኛ ጤፍ ከሰርገኛ በዋጋ ከፍ ይላል፤ የዳቦ ዱቄትም በነጣ ቁጥር ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ያለው የጉለሌ ቸርቻሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

የጤና ባለሙያዎች ምክር ግን ሌላ ነው። የሚገርመው፣ ምክሩ የሚወጣው ከዚያው ከጉለሌ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው ብዙዎች ዛሬም «ፓስተር» በሚሉት ሰፈር ነው። ኢንስቲትዩቱ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ያዘጋጀውና በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአመጋገብ መመሪያ፣ ዕለታዊ ምግብ ከእህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የተሰባጠረ እንዲሆን ይመክራል። የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ያሳስባል።

ጤፍ በዚህ ረገድ ዕድለኛ እህል ነው። ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ልጣጩ ተለይቶ ስለማይወጣ፣ ነጭም ሆነ ቀይ ሙሉው ይፈጫል። ስንዴ ግን ሲነጣ አብዛኛው አሰርና ማዕድኑ ከፉርሽካው ጋር ይወጣና ለከብት መኖ ይሸጣል። ሸማቹ ለንጣቱ ከፍሎ ጠቃሚውን ለበሬው ይተዋል ማለት ነው።

የአትክልቱም ቀለም ለዓይን ብቻ አይደለም። ካሮትንና ዱባን ያቀላው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል፤ ጥቂት ዘይት ሲነካው ደግሞ ይበልጥ ይዋሃዳል። ጎመንና ቆስጣ ለነፍሰ ጡር እጅግ የሚያስፈልገውን ፎሌት ይሰጣሉ። የቃሪያና የሎሚ ቫይታሚን ሲ ከጤፍና ከምስር የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲጠቀምበት ይረዳል። ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያንኑ ብረት ይሻማል።

ታዲያ ገበታው ስለምን በሽሮና በእንጀራ ብቻ ይወሰናል? የባህል ጉዳይ ነው እንዳይባል፣ በጾም ወቅት የሚቀርበው በየዓይነቱ ቀይ ስሩን፣ ጎመኑን፣ ምስሩንና ጥቅል ጎመኑን በአንድ ትሪ ያሰባስባል። እንቅፋቱ ያለው በንግዱ መንገድ ላይ ነው።

ለጉለሌ ቸርቻሪ ቅርብ የነበረው የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ተጭኖ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣ አትክልት የመጓጓዣና የጫኝና አውራጅ ወጪ ይከተለዋል። ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ ውለው ካደሩ ይጠወልጋሉ። ስለዚህ በጉልት የምትነግድ እናት ኪሳራ ስትፈራ ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ላይ ብታተኩር አይፈረድባትም።

ሸማቹም የራሱ ችግር አለው። ከካሮቱም፣ ከቀይ ስሩም፣ ከቆስጣውም አንድ አንድ መደብ ሙሉ መግዛት ለትንሽ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ይሆናል፤ ቢገዛም ከፊሉ ቤት ውስጥ ይበላሻል። በዚህ የተነሳ አንዱን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ለነጋዴው ዕድል ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ካሮት፣ አንድ ቀይ ስር፣ ጥቂት ቆስጣና ቃሪያ ተደባልቀው በአንድ መደብ ቢሸጡ ገዢው በአንድ መደብ ዋጋ አራት ዓይነት አትክልት ያገኛል፤ ሻጯም ኪሳራዋን በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ከመከመር ትድናለች። ጥቂት ጉልተኞች በጋራ አንድ መኪና ተከራይተው ቢያስጭኑ ደግሞ የመንገዱ ወጪ ይከፋፈላል። ይህን ለመጀመር ትልቅ ካፒታል አያሻም፤ ትርፉ ግን ከኪስ አልፎ ወደ ጤና ይሻገራል።