ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው ደጋ፣ ጤፍ የሚዘራበት ሐምሌ የእርሻ ባለሙያው ሞተር ብስክሌት ዕረፍት የሚያጣበት ወር ነው። በዚህ ወቅት ሞተሩ አልነሣም ብሎ ከቆመ የባለሙያው ምክር ለገበሬው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጣለው በማስነሻው፣ ማለትም በሞተሪኖው ላይ ነው። ይሁን እንጂ የጠዋት ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ የመረሬ ጭቃና እርጥበትም የሽቦ ጫፎችን ያዝጋል። ማስነሻው ሲጫን መብራቱ ከደበዘዘ በቅድሚያ መመርመር ያለባቸው ባትሪውና ሽቦዎቹ ናቸው። መብራቱ እንደ ደመቀ ሞተሪኖው ካልዞረና ሽቦዎቹም ደህና ከሆኑ ግን ፈትቶ ማየት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፉም ይዘጋ። ቀጥሎ የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ይፈታ፤ ይህ ከታለፈ መፍቻው ብረት ሲነካ ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። ከዚያም ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ፣ በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሆኑት ብሎኖች ይፈታሉ። ሞተሪኖው ግራና ቀኝ እየተወዘወዘ ይሳባል እንጂ በመዶሻ አይመታም፤ በውስጡ ያለው ማግኔት ሊሰነጠቅ ይችላልና። ቀዳዳው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ በአንገቱ ላይ ያለው የጎማ ቀለበትም እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ይደረግ። ሲገጠም ኔጋቲቩ ሽቦ የሚታሰረው በመጨረሻ ነው።

በእግር የሚመታ ማስነሻ ያለው ሞተር ሞተሪኖው ቢበላሽም ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በቀበሌያቸው የሚያገለግለው ሞተር ብስክሌት ባትሪና ሽቦ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ እንዲመረመር ማሳሰብ ይገባቸዋል። ለዘር የተዘጋጀ ማሳ ሞተሪኖ እስኪጠገን አይጠብቅም።